ሰባተኛ ቢ ያጨበጨበለት ዓረፍተ ነገር

1

«ሲት ዳውን!» አሏት።

ተቀመጠች።

2

ታሪኩ ይኸው ነው። ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ ማብራሪያ ነው፤ ማብራሪያ ደግሞ መምህር አንዳርጌ ምትኩ ዕድሜ ልካቸውን ሲወዱት የኖሩት ነገር ነው። ጎጃም ውስጥ፣ ስሟን ባልጠራው ቅር በማይላት አንዲት የወረዳ ከተማ፣ ሠላሳ ስምንት ዓመት እንግሊዝኛ አስተምረዋል። ዛሬ ጡረተኛ ናቸው። ይህን እንድጽፍላቸው የለመኑኝም ራሳቸው ናቸው።

«አሳምረህ ጻፈው» አሉኝ።

አሳምሬ ብጽፈው ውሸት ይሆንብኛል። ስለዚህ ቆራርጬ ጻፍኩት።

3

ከጥቁር ሰሌዳው በላይ በቀይ ቀለም ተጽፈው የተለጠፉ ሕጎች፦

ሀ. እዚህ ክፍል ውስጥ አማርኛ የለም።
ለ. አማርኛ የተናገረ ተማሪ ቁራጭ እንጨቷን አንገቱ ላይ ያንጠለጥላል፤ ሌላ ጥፋተኛ እስኪገኝ አያወልቃትም።
ሐ. ሽንት ቤት ለመሄድ መጠየቅም በእንግሊዝኛ ነው።

(ሦስተኛዋ ሕግ አንዳንዱን ልጅ ጉድ አድርጋዋለች። እሱን እንለፈው።)

ያልተጻፈ አራተኛ ሕግ ነበር። ተማሪ በአማርኛ ሲያናግራቸው መምህሩ ሁለቱን ጠቋሚ ጣቶቻቸውን ጆሯቸው ውስጥ ውትፍ ያደርጋሉ። ልጆቹ በሳቅ ይፈርሳሉ። እሳቸውም ይስቃሉ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ይህን አደራ ልብ በሉልኝ። በሚኒስትሪ ፈተና የእሳቸውን ልጆች የሚስተካከል በአውራጃው አልነበረም። ልጁን ሰባተኛ ቢ ለማስገባት አማላጅ የሚልክ ወላጅ ነበር።

4

የውጤት ካርድ

ስም፦ የዝባለም ደርበው
ዕድሜ፦ 14
ክፍል፦ ሰባተኛ ቢ
ደረጃ፦ ከ62 ተማሪ 4ኛ
ጠባይ፦ መልካም
የክፍል ኃላፊ አስተያየት፦ በእንግሊዝኛ ለመናገር ድፍረት ይጎድላታል። (ፊርማ) አንዳርጌ ምትኩ

አባቷ አቶ ደርበው የወላጅ ኮሚቴ ሊቀ መንበር ነበሩ። ማር በተቆረጠ ቁጥር ለመምህር አንዳርጌ አንድ ቅል ሙሉ ይልካሉ። በወላጆች በዓል መድረክ ላይ ወጥተው፣ «እኒህ ሰው ባይኖሩ ልጆቻችን ምን ይውጣቸው ነበር!» ብለው ያስጨበጭባሉ። ይህን ያነሳሁት ለሐሜት አይደለም።

ለሐሜትም ነው።

5

ሐሙስ፣ ጥር ወር፣ ሦስተኛ ክፍለ ጊዜ።

ሰሌዳው በሦስት ተከፍሏል። በመጀመሪያው ረድፍ የብዙ ቁጥር ስሞች፣ በሁለተኛው መስተዋድዶች፣ በሦስተኛው ተውላጠ ስሞች። ጨዋታው ከየረድፉ አንዳንድ እያነሱ ዓረፍተ ነገር መሥራት ነው። መምህሩ ያን ቀን አንድም ቃል በአማርኛ አልተነፈሱም፤ እኔ እንግሊዝኛቸውን የተረጎምኩት አንቺ አንባቢዬ «ሲት ዳውን» እንዳትባይ ብዬ ነው።

የዝባለም፦ (እጇን አውጥታ) ቲቸር፣ አንድ ነገር ልንገርዎት?

መምህር፦ (ጣታቸውን ጆሯቸው ውስጥ ከተው) ኖ አማርኛ!

(ሳቅ።)

የዝባለም፦ ሜንስ… ኬም… ሀውስ።

መምህር፦ «ሜንስ» የሚባል አለ? ክፍል!

ክፍል፦ ሜን!

የዝባለም፦ ሜን ኬም ሀውስ።

መምህር፦ የማን ቤት? መስተዋድዱስ የት ገባ? ወደ ቤት ነው፣ ከቤት ነው?

የዝባለም፦ ቱ… ቱ አወር ሀውስ።

መምህር፦ ጎሽ! ለማን መጡ? ሦስተኛውን ረድፍ እዪ።

የዝባለም፦ ፎር አይ።

መምህር፦ ክፍል!

ክፍል፦ ፎር ሚ!

የዝባለም፦ ፎር ሚ።

መምህር፦ ሙሉውን በይው። ድምፅሽን ከፍ አድርጊ።

የዝባለም፦ ሜን ኬም ቱ አወር ሀውስ ፎር ሚ።

መምህር፦ ኤክሰለንት! አጨብጭቡላት!

(ጭብጨባ።)

የዝባለም፦ (ጭብጨባው ሳያልቅ) ቲቸር፣ እሑድ እኮ…

መምህር፦ ሲት ዳውን!

6

እንግሊዝኛ ለማይችል፦ «ሰዎች እኔን ፈልገው ወደ ቤታችን መጡ።»

ነግራቸዋለች። አንድ ፊደል ሳትስት፣ እሳቸው እንዳስተማሯት አድርጋ፣ ስልሳ አንድ ምስክር ባለበት ነግራቸዋለች። የመጡት ሽማግሌዎች ነበሩ። እሑድ ሠርጓ ነበር።

መምህር አንዳርጌ የሰሙት መስተዋድዱን ነው። ደስ አላቸው። ዝምተኛዋ ልጅ አፏን ፈታች ብለው በእውነት ደስ አላቸው፤ ይህ ነው ዛሬም የሚያንገበግባቸው። ዓረፍተ ነገሩን በቢጫ ጠመኔ ሰሌዳ ላይ ጻፉት፤ ሁሉም በየደብተሩ ገለበጠ። በማግስቱ ዓርብ ጧት ለሰባተኛ ኤ ክፍልም አስተማሩበት።

7

በዚያው ዓርብ ከሰዓት በኋላ። (መምህሩ የንብረት ክፍሉንም በተጨማሪ ይይዙ ነበር። በዚያ አገር ድግስ ያለበት ሰው የትምህርት ቤቱን አግዳሚ ይዋሳል፤ ለሠርግም ለተዝካርም ያው ነው።)

የትውስት ቅጽ

የዕቃው ዓይነት፦ አግዳሚ ወንበር
ብዛት፦ ሃያ
ተዋሽ፦ አቶ ደርበው
ምክንያት፦ ድግስ
የሚመለስበት ቀን፦ ሰኞ ጧት
አስረካቢ፦ አንዳርጌ ምትኩ (ፊርማ)

የምን ድግስ እንደሆነ ጠየቁ?

አልጠየቁም።

ጥር ነው፤ አገሩ ሁሉ ይደግሳል። ሊቀ መንበሩን ደግሞ ማን ይጠይቃል? የዝባለም ግን ለአባቷ የመጀመሪያ ልጅ ነበረች፤ ታናናሾቿ ገና የወተት ጥርሳቸውን ያልጨረሱ። መምህሩ ይህንን ያውቁ ነበር። የጻፍኩትን ሳነብላቸው እዚህ ቦታ ላይ ስደርስ ቀና ብዬ አየኋቸው፤ እሳቸው መስኮቱን ያያሉ።

8

ሰኞ አግዳሚዎቹ ተመለሱ። ወጥ የፈሰሰባቸው፣ ቅቤ የጠጡ፣ ጠላ ጠላ የሚሸቱ ነበሩ። ሴቶቹ ልጆች በአመድ ፈተጓቸውና ክፍሉ ገብቶ ተቀመጠ። መምህሩ ስም ጠሩ።

«የዝባለም ደርበው።»

 

«የዝባለም ደርበው።»

 

«እሷማ ትናንት ተዳረች፣ ቲቸር» አለች አንዲት ልጅ ከኋላ። በአማርኛ ነው ያለችው። እንጨቷን አንገቷ ላይ አንጠልጥሉላት ያለ የለም። መምህሩም ጣታቸውን አላነሱም። ሰሌዳው ጥግ ላይ፣ ጠራጊው ተረኛ ረስቶት፣ ቢጫው ጽሑፍ እንዳለ ነበር።

9

ከዚያ በኋላ ሠላሳ አንድ ዓመት። ባዶ ልተወው አሰብኩና ፈራሁ፤ ምክንያቱም ባዶ አልነበረም። መምህሩ አገቡ፣ ወለዱ፣ ተሸለሙ። እንጨቷን በዚያው ሳምንት ምድጃ ውስጥ ከተቷት፤ ልጆቹ ግራ ገባቸው እንጂ ለምን ብሎ የጠየቀ አልነበረም። እንቅልፍ እንቢ ባላቸው ቁጥር አንዲት ቃል ነበረቻቸው፦ «ብሰማ ኖሮ።» ብሰማ ኖሮ ወረዳ ሄጄ አመለክት ነበር። ብሰማ ኖሮ አባትየውን ፊት ለፊት «ልጅቷን ተዋት» እለው ነበር። ብሰማ ኖሮ፣ ብሰማ ኖሮ። ጥፋታቸውን ሁሉ ጆሯቸው ላይ ጭነው፣ ልባቸውን ነጻ አውጥተው ኖሩ። እኔ አልፈርድባቸውም፤ ሰው የሚያሳርፈውን ሲያገኝ ይደገፋል።

10

ባለፈው ሚያዝያ አገኟት። ከከተማው የሁለት ሰዓት የአውቶቡስ መንገድ ላይ፣ በረንዳዋ ላይ የስፌት መኪና ዘርግታ ልብስ ትሰፋለች። ከዚያ ትዳር በዐሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ሁለት ልጅ ይዛ ወጥታለች። ዛሬ አርባ አምስት ሞልቷታል፤ ለመርፌው መነጽር ታደርጋለች።

መምህሩ ከደጇ ድንጋይ አነሱ። ማጅራታቸው ላይ አስቀመጡና፣ እንደ አገሩ ደንብ፣ ጎንበስ ብለው ገቡ።

«ይቅር ለእግዚአብሔር በዪኝ።»

«ውይ! ቲቸር? በሞቴ፣ በሞቴ ያውርዱት! ምን ሆነው ነው?»

«በዪኝና አወርደዋለሁ።»

«ይቅር ለእግዚአብሔር። ይኸው አልኩ። ያውርዱት፣ ወገብዎ ይቀጫል!»

አወረዱት። ወንበር ሰጠቻቸው፣ እጃቸውን አስታጠበች፣ ያላትን አቀረበች። በሉ። የልጆቿን ስም ጠየቁ። ከዚያ ሠላሳ አንድ ዓመት የተሸከሙትን አወጡት፦ እንዳልሰሟት፣ ቢሰሙ ኖሮ…

«አውቃለሁ» አለች። «ዓርብ ለሰባተኛ ኤ እንዳስተማሩበት ልጆቹ ነግረውኛል። አለቀስኩ፤ ከዚያ ደግሞ ሳቅሁ።»

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ትዪኛለሽ።»

«አልልም። ደግሞ ይቅር ብያለሁ አልኩዎት፤ የምለውጠውም አይደለም።» ጨርቁን ከመኪናው ሥር አውጥታ ክሩን በጥርሷ በጠሰች። «አንድ ነገር ብቻ እንዲሁ ሲከነክነኝ ኖሯል። ልጠይቅዎት?»

«ጠይቂኝ፣ ልጄ።»

«ያን ለት ጥርት ባለ አማርኛ ብነግርዎት ኖሮ፣ አባቴ ፊት ይቆሙልኝ ነበር?»

11

መምህር አንዳርጌ፦