ከእርግጫው በፊት

...ደግሞስ ማክሰኞ ይቀራል ወይ፣ አይቀርም፣ ይኸው ደረሰ፣ ፋሻውን በጥርሴ ነክሼ እጄ ላይ እየጠመጠምኩ ነው፣ ጄ ፔን ሰማያዊዋን የፕላስቲክ ወንበር ሲሚንቶው ላይ እየጎተተች በግራዬ በኩል ታስቀምጣለች፣ አላያትም፣ እሰማታለሁ። ጄ እላታለሁ፣ ታላቅ እህቴ እንደማለት ነው፣ በአሥራ አንድ ዓመት እበልጣታለሁ፣ ግን ደመወዝ ከፋይ ሁሉ ታላቅ ነው። ባሏ ሲሞት ይህን የቆርቆሮ ጣሪያ፣ አንድ ሪንግ፣ ስድስት የአሸዋ ከረጢትና እኔን ወረሰች፣ ከረጢቶቹ እንኳ አምና ቆዳቸው ተቀይሯል።

ማክሰኞ ጠዋት ፓድ ሲይዙ ትንሽ ላይዎት ነው ፒ ዴት፣ አለችኝ ሐሙስ ዕለት፣ እንዲህ ታላቅ ወንድሜ ብላ ስትጠራኝ ነገር እንዳለ አውቃለሁ፣ ሌላ ጊዜ እንደ ሰው ሁሉ ክሩ ነው የምትለኝ፣ መምህር። ሐሙስ ፈረንሳዊው ባስቲያን በቀኝ እግሩ ግራ ጆሮዬን ብሎኝ ነበር፣ የተማሪ ምት የምቀበልበትን የክንድ ትራስ፣ ፓዱን፣ ማንሳት ነበረብኝ፣ አላነሳሁም፣ ምኑን አነሳለሁ፣ መች አየሁትና፣ ድንገት በጀርባዬ ተንጋልዬ ጣሪያውን አያለሁ፣ ወለሉ ላብ ነው፣ አንሸራተተኝ፣ ብዬ ሳቅሁ፣ ባስቲያን ሳቀ፣ ሁሉም ሳቀ፣ ጄ ፔን አልሳቀችም።

ግራ ዓይኔ አያይም። ለራሴ እንኳ የምናገረው በሹክሹክታ ነው። ሁለተኛ ክረምቱ ነው፣ መጀመሪያ ጭስ የገባበት ይመስል ነበር፣ ከዚያ እርጥብ ወረቀት፣ ከዚያ ምንም፣ ባሕሩን ተሻግሬ ያየሁት ሐኪም የዓይንህ መጋረጃ ከውስጥ ተላቋል አለኝ፣ ሁለት መቶ ጊዜ ሪንግ የወጣ ዓይን ሌላ ምን እንዲሆን ትፈልጋለህ አለኝ፣ ለሚስቴም አልነገርኳት። ብናገር ፓዱን ይነጥቁኛል፣ ፓድ የማይዝ ክሩ ደግሞ ምን ይሆናል፣ ሳምራን የት ነው ያለው ዛሬ፣ አገሩን በክርኑ ያንቀጠቀጠው ሳምራን፣ ከታች መስታወት በመስታወት የሆነው ጂም ውስጥ ፎጣ ያጥፋል፣ ፈረንጆቹ ስሙን አያውቁትም፣ ፎጣ ብለው ይጠሩታል። እኔ? ሞቼ እገኛለሁ።

ሞተር። ኪርሲ ናት፣ ማርሽ ስትቀይር ሁልጊዜ ታንገጫግጨዋለች። ደህና አደሩ ክሩ፣ ከነዳቦዋ፣ ከፊንላንድ መጥታ ደሴታችን ላይ መኖር ከጀመረች አሥር ዓመቷ ነው፣ ጥቁር ዳቦ እየጋገረች ለፈረንጅ ሱቆች ታስረክባለች፣ ለእኔም በየማክሰኞው አንድ ታመጣለች፣ ከጡብ ትንሽ ይለሰልሳል፣ በጣም ይጣፍጣል እላትና ለዶሮዎቼ እሰጣለሁ፣ ዶሮዎቹም እያቅማሙ ነው የሚበሉት። አርባ ሦስት ዓመቷ ነው፣ ቅዳሜ ትጋጠማለች፣ የመጀመሪያዋ ነው፣ ከአንዲት አውስትራሊያዊት ጋር፣ ሴትዮዋ ደግሞ ቀላል አይደለችም፣ አይቻታለሁ፣ ጉልበቷ ሆድ ለመምታት ቅርብ ነው።

እንደ ሌሎቹ ናት ብዬ ነበር መጀመሪያ። እዚህ ሊኖር የሚመጣ ፈረንጅ ቤት ይከራያል፣ ሞተር ይገዛል፣ ከዚያ መደባደብ ያምረዋል፣ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ እዚህ መንገድ ላይ ደግሞ የሌለ ነገር የለም፣ በእጅም በእግርም በጉልበትም በክርንም የሚመቱበት የኛው አለ፣ እጅ ብቻ የሆነው ቦክስ አለ፣ ፒጃማ የሚመስል ነገር ለብሰው ምንጣፍ ላይ የሚተቃቀፉበት የብራዚሎቹ ትግል አለ፣ እንደ ዶሮ ሽቦ ውስጥ ገብተው የሚጠዛጠዙበት አለ፣ የፊሊፒንሶቹ ዱላ አለ፣ ክሩ የቱ ይሻለኛል ይሉኛል፣ ጠዋት ተነስተህ የምትመጣበት፣ እላቸዋለሁ፣ ይስቃሉ፣ እኔ ግን የምሬን ነው። ኪርሲ ሁሉንም ቀምሳለች፣ ምንጣፉ ላይ ትከሻዋ ወለቀ፣ ሽቦው ውስጥ በሙዚቃው ብዛት ራሷን አመማት፣ እኛ ጋ ሙዚቃ የለም፣ ማቀዝቀዣም የለም፣ ቀረች።

በመጀመሪያው ቀን በገመዶቹ መሃል ሾልካ ሪንግ ልትገባ ስትል ጮህኩባት፣ እኛ ጋ ሴት ከታችኛው ገመድ ስር ነው የምትገባው፣ ሌላ ቦታ ትተውታል፣ እኛ አልተውንም፣ ሌላዋ ብትሆን ስለ መብት ትሰብከኝ ነበር፣ እሷ ተመልሳ ወረደች፣ በሆዷ ተስባ ገባች፣ ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አልተሳሳተችም። አንድ ጊዜ ይነገራት፣ አለቀ። ከአንዲት ነገር በቀር።

ሽ ትላለች። በቀኝ እግሯ ከመራገጧ በፊት፣ ግማሽ ትንፋሽ ቀድማ፣ በጥርሶቿ መሃል፣ ሽ። ስትመጣ አልነበረባትም፣ ከጊዜ በኋላ ነው የያዛት፣ እንደ ጉንፋን። አንቺ ሴትዮ እርግጫሽን በደብዳቤ ነው እንዴ የምታሳውቂው፣ እላታለሁ፣ ተጋጣሚሽ ጆሮ የላትም ወይ፣ ሽ ስትይ ክንዷን ታነሳለች፣ ከዚያ ቅልጥምሽን ይዘሽ እያነከስሽ ቤትሽ ትገቢያለሽ፣ ይቅርታ ክሩ ልማድ ሆኖብኝ ነው፣ አንገቷን ደፋ ታደርጋለች፣ በማግስቱ ያችው ሽ። ደንቆሮ ብያታለሁ። የደረቀች ዳቦ ብያታለሁ። ዛሬም ትለው ይሆናል፣ ጄ ፔን ፊት፣ ለቅዳሜው አራት ቀን ሲቀር፣ ምን አስተማራት ትላለች ጄ።

ደወል። ተዘጋጅተዋል ክሩ? እኔማ ተዘጋጅቻለሁ፣ አንቺ እንዳትተኚ። ግራ ቡጢ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ጥሩ፣ ክርን፣ አገጭሽን ሸፍኚ፣ ከግራዬ የጥብስ ሽታ ይመጣል፣ ጄ ፔን ቁርሷን እየበላች ነው፣ ሩዙን በጣቷ እየጠቀለለች ዓይኗን ከኔ ሳትነቅል፣ ይሰማኛል፣ አስተያየቷ ይከብዳል። ሽ። ግራ ፓዴ ይነሳል፣ ቧ። አፍሽን ዝጊ! እሺ ክሩ። ጉልበት፣ ጉልበት፣ ዙሪ፣ ሽ፣ ቧ፣ አይ ይቺ ሴትዮ፣ ቅዳሜ ታስገድለኛለች።

ከዚያ ጣሪያው ላይ ጠብ። ጠብ ጠብ። ከዚያ ወረደ። የዚህ አገር ዝናብ መጀመር አያውቅም፣ ይወድቃል፣ ቆርቆሮው ላይ ጠጠር እንደሚዘረግፉበት ነው፣ ጄ ፔን የሆነ ነገር ትናገራለች፣ አልሰማትም፣ የራሴን ድምፅ አልሰማም፣ የኪርሲ አፍ ይንቀሳቀሳል፣ ምንም፣ እደነግጣለሁ፣ ምን ሆንኩ፣ ስንቱን ዝናብ ፓድ ይዤ አሳልፌያለሁ እኮ፣ ያኔ ግን ሁለት ዓይን ነበረኝ። ለካ በጆሮዬ ነው ስይዝ የኖርኩት። ለካ ያቺን የምሰድባትን ሽ ነው ስጠብቅ የኖርኩት፣ ሽ ስትል እጄ ይነሳል፣ እኔ ደግሞ ልምድ ነው፣ ሠላሳ ዓመት ነው፣ እጄ ራሱ ያውቃል እያልኩ ስኮራ፣ ወይ ጉድ። አሁን ሽ የለም። ግራዬ ጨለማ ነው። እግሯ ይመጣል፣ እወድቃለሁ፣ ጄ ፔን ፊት እንደ ሐሙሱ እንጋለላለሁ፣ ከነገ ጀምሮ ፎጣ።

ዱብ።

ከስር ነው። ከሸራው ስር ካለው ጣውላ፣ በባዶ እግሬ ውስጥ ውስጤን፣ ዱብ፣ እጄ ከኔ ቀድሞ ይነሳል፣ እርግጫው ፓዱ መሃል ላይ ያርፋል። ምን ነበር። ግራ ቡጢ፣ ቀኝ፣ ዱብ፣ እርግጫ። በግራ እግሯ ነው ወለሉን የምትረግጠው፣ ከእርግጫው በፊት፣ ግማሽ ትንፋሽ ቀድማ፣ እንዲህ አላስተማርኳትም፣ ማንም እንዲህ አያስተምርም፣ ሰነፍ እንኳ እንዲህ አያደርግም። ዱብ፣ ቧ። ዱብ፣ ቧ። አንድም አያመልጠኝም። ፊቷን አያለሁ፣ በላብና በካፊያ ርሷል፣ ዓይኗን አልሰጠችኝም፣ ደረቴን ነው የምታየው፣ እንዳስተማርኳት።

ደወሉን ያየሁት ጄ ፔን በእጇ ስትመታው ነው። ዝናቡም እንደ አመጣጡ ሄደ። ጎሽ ፒ ዴት፣ ፍጥነትዎ አለ፣ በከንቱ ነው የተጨነቅሁት፣ ለባስቲያንም ከነገ ጀምሮ ፓድ ይያዙለት፣ አለችና ጥብሱ የተሰካበትን እንጨት ወረወረች። እሺ ጄ። አለቀ። ፓዱ የኔ ነው። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

ኪርሲ ወደ ከረጢቱ ሄዳለች፣ በቀኝ እግሯ ሠላሳ ሳትመታ ወደ ቤቷ አትሄድም። ጀርባዬን እሰጣታለሁ፣ ፋሻዬን የምፈታ እመስላለሁ፣ እሰማለሁ። ቧ፣ ሰንሰለቱ ይንሿሿል። ቧ። ቧ። ሽ የለም። ሰባት፣ ስምንት፣ ቧ፣ የለም። አሥራ ሰባት ላይ መቁጠር አቃተኝ። በዝምታ ነው የምትመታው፣ ባዶ ቤት ውስጥ እንዳለ ሰው፣ ያቺ አውስትራሊያዊት ምንም አትሰማም፣ ቅዳሜ አንዲት ነገር አትሰማም። አንድ ጊዜ ተነግሯት የማትረሳ ሴት አንዲት ትንፋሽ መተው እንዴት አቃታት ብዬ አንድ ቀን እንኳ ብጠይቅ ምን ነበረበት። ዓመት ተኩል። ደንቆሮ ያልኳት። ይቅርታ ክሩ ያለችኝ። አፈርኩ፣ እንደ ሕፃን ሆድ ባሰኝ፣ ከዚያ ደስ አለኝ፣ መልሼ አፈርኩ።

ባስቲያን ሽ አይልም። ነገ አይልም፣ ከነገ ወዲያ የሚመጣውም አይልም።

ጄ፣ እላታለሁ፣ ወንበሯን ልታነሳ ስትል፣ ባስቲያንን ለሌላ ሰው ስጪው። ለምን። ግራ ዓይኔ አያይም። ወንበሩ በእጇ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ከመቼ ጀምሮ? ሁለተኛ ክረምቱ። ሪንጉን ታያለች፣ እኔን ታያለች፣ ታዲያ ለኪርሲ ማን ነው ፓድ ሲይዝላት የከረመው? እሷው ናታ፣ እላታለሁ። ይግባት አይግባት እንጃ፣ ብቻ ወንበሩን ቀስ ብላ ታስቀምጣለች። ከቅዳሜ በኋላ እንነጋገራለን ፒ ዴት። እሺ። እስከ ቅዳሜ አራት ጠዋት አለኝ፣ ከዚያ ፎጣ ከሆነም ፎጣ ነው፣ ሳምራንንም በስሙ የሚጠራው አንድ ሰው ያገኛል። ዳቦውን ዛሬ ራሴ እበላዋለሁ።

ኪርሲ! አቤት ክሩ። አንድ ዙር ቀርቶናል፣ ነይ። ጨርሰናል እኮ ክሩ። ነይ ብዬሻለሁ። ከታችኛው ገመድ ስር ተስባ ትገባለች፣ ጣሪያው ያንጠባጥባል፣ ከዚያ በቀር ፀጥታ ነው፣ ፓዶቹን አስራለሁ፣ ግራ ቡጢ፣ ቀኝ፣ ሽ፣ እጄን አነሳለሁ፣ ቧ። አንገቷን ደፍታ ስድቧን ትጠብቃለች።

ጥሩ፣ እላታለሁ።

ቀና ትላለች። በደህናው ዓይኔ አያታለሁ፣ የመጀመሪያ ጊዜዋ ነው ከደረቴ ላይ ዓይኗን ነቅላ ፊቴን ስታይ፣ ድገሚው እላታለሁ፣ ድገሚው ልጄ፣ ሽ ትላለች