ስድስት ሰው፣ አምስት ዓይን

አስተባባሪዋ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የገጠሩን ሰው የምታውቀው በድምፁ ነበር። ሥራዋ አንዲት ሚኒባስ ለአርባ ሦስት መንደር ማዳረስ ነው፤ ሽማግሌውን ወደ ጤና ጣቢያ፣ እግሩ አልታዘዝ ያለውን ወደ ገበያ፣ ለመሳፈሪያ የሚከፍለው የሌለውን ወደ ጉዳዩ። ጠባብ ክፍል፣ አንድ ስልክ፣ አንድ ወፍራም መዝገብ። «ዊልቸር አለ? ደጋፊ አለ? በስንት ሰዓት ይምጣልዎት?» ትላለች፤ ትጽፋለች፤ ስልኩን ትዘጋለች። አንድም ቀን አብራቸው ተሳፍራ አታውቅም። እሷ ከሄደች ስልኩን ማን ያነሳል?

አንድ ሰሞን የዓይን ሐኪሞች ለሁለት ቀን ከተማው ሆስፒታል እንደሚመጡና የዓይን ሞራ በነጻ እንደሚገፍፉ ተሰማ። መዝገቧን ብታገላብጥ ስድስት ሰው አገኘች። ስድስቱም በየአቅጣጫው የተበተኑ ናቸው፤ ሆስፒታሉ ደግሞ ሁሉንም ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ይፈልጋቸዋል። ሁለት ሳምንት አወጣች አወረደች። ለአንዱ ሲደረስ ሌላው ይረፍድበታል፤ የታችኛው ሲሞላ የላይኛው ይጎድላል። በመጨረሻ ከዋናው መንገድ የራቁት በዘመድ ተመርተው መገንጠያ ላይ እንዲጠብቁ አስማማች።

ከሁሉ ያስቸገሯት አባባ ወፍጮ ነበሩ፤ ዕድሜያቸውን ወፍጮ ቤት የፈጁ፣ አሁን በዊልቸር የሚንቀሳቀሱ ሰው።

«ስልሳ ዓመት ያየሁት ይበቃኛል» አሏት በስልክ። «ደግሞስ ያላየሁት ምን ቀረ?»

«እኔን አላዩኝም» አለቻቸው፤ ከአፏ እንዴት እንደወጣ አታውቅም።

«እሱስ እውነት ነው» አሉና እሺ አሉ።

ሄዱ፤ ታከሙ፤ አደሩ። በማግስቱ ለመመለሻው አብራቸው መሳፈር የነበረባት ነርስ ታመመችና አስተባባሪዋ የቢሮውን ስልክ ለዘበኛው አደራ ብላ ራሷ ተነሳች። ሾፌሩን አገሬው «ቀስ በቀስ» ብሎ ይጠራዋል፤ ጉድጓድ ሲያልፍ እንኳ ይቅርታ ጠይቆ ነው ይባልለታል። ሁለቱ ሆስፒታል ሲደርሱ ፋሻው እየተፈታ ነበር፤ ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ዓይን ነው የታከመላቸው። አስተባባሪዋ ጩኸት ወይ ለቅሶ ጠብቃ ነበር። ክፍሉ ግን ጸጥ እንዳለ ነው። አባባ ወፍጮ ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ትክ ብለው ያያሉ።

«ይሄ የማን እጅ ነው?» አሉ ቆይተው።

«የእርስዎ ነዋ፣ አባባ።»

«ኧረ የአባቴ ነው። የአባቴን እጅ ማን አመጣው?» ከዚያ ቀና ብለው አዩዋት። «አንቺ ደግሞ የስልኳ ልጅ ነሽ። በድምፅሽ ቀጭን መስለሽኝ ነበር።»

አጠገባቸው የተቀመጡት እማማ አዋላጅ ናቸው። ባገሩ በእሳቸው እጅ ያልተወለደ ጥቂት ነው፤ ዓይናቸው ከጠፋ ግን አሥራ አራት ዓመት ሆነው። ሾፌሩ ቀስ በቀስ ሊደግፋቸው ጎንበስ ሲል ፊቱን በሁለት እጃቸው ያዙና ወደ መስኮቱ አዞሩት።

«ወደዚህ ዓለም ስትመጣ መጀመሪያ ያየሁህ እኔ ነኝ» አሉት። «ይኸው ዛሬ እኔ ስመጣ ደግሞ የተቀበልከኝ አንተ ሆንክ።» አየት አደረጉትና፣ «ያን ጊዜም መልክ አልነበረህም።»

ያኔ ነው ክፍሉ በሳቅ የሞላው።

ከስድስቱ የአንዱ፣ የጡረተኛው አስተማሪ፣ ዓይን ከጥላና ከብርሃን በቀር አልመለሰለትም። ሐኪሙ ከሞራው ጀርባ ሌላ በሽታ እንደነበረበት ነግሮታል። አስተማሪው ሚኒባሷ ውስጥ መሐል ወንበር ላይ ተቀመጠና «በሉ፣ ያያችሁትን ንገሩኝ፤ የሚዋሽ ግን ወዮለት» አላቸው።

ሁለት ሰዓት የሚፈጀው መንገድ አላልቅ አለ። «አቁም!» ይላል አንዱ፤ ዛፍ ነው። «አቁም!» ይላል ሌላው፤ ሽቦ ላይ የሰፈረ ወፍ ነው። አንዲት እናት ገመድ ላይ የተሰጣ ሻሽ አይተው «ቀይ እንዲህ ነበር እንዴ?» ብለው አለቀሱ፤ ሌሎቹ እየተሻሙ ቀዩን ለአስተማሪው ያስረዳሉ። አስተባባሪዋ በዚህ መንገድ ላይ ስንትና ስንት ሰው አመላልሳለች፤ በወረቀት። አሁን እነሱ ባዩበት አቅጣጫ አንገቷን እያዞረች ስታይ፣ ዛፉም ወፉም የዛሬ ጠዋት የተፈጠሩ ያህል ሆኑባት።

ቀኑ ሲጋመስ የከሰዓቱ ተሳፋሪ ትዝ አላት፤ ልብስ ሰፊው ምርኩዙን ይዞ ደጁ ላይ እየጠበቀ ነው። በሞባይሏ ደወለች።

«ልንዘገይ ነው፣ ወንድሜ፣ ይቅርታ።»

«መኪናው ተበላሸ?»

«አይ፣ ተሳፋሪዎቹ… እያዩ ነው።»

ልብስ ሰፊው ነገሩ ገባው። «ይዩ እንጂ! የኔው ጉዳይ ነገም ይደርሳል። አሁን ምን እያዩ ነው?»

«አህያ» አለችው።

መገንጠያው ላይ እማማ አዋላጅን የሚቀበል አልነበረም። ሰዓቱ ስላለፈ የእህታቸው ልጅ ጠብቃ ጠብቃ ተመልሳለች። ሾፌሩ ቀስ በቀስ ወደ ውስጥ ነዳ። ጥቂት እንደሄዱ መንገዱ ሦስት ቦታ ተከፈለ።

«በየት በኩል ልሂድ፣ እማማ?»

እማማ አዋላጅ ግራ አዩ፤ ቀኝ አዩ። የቆርቆሮ ጣሪያ፣ ያላዩት አጥር፣ ሳያዩት ያደገ ዛፍ። ፊታቸው ተለዋወጠ።

«አላውቀውም» አሉ። «ልጆቼ፣ ሰፈሬን አላውቀውም።»

ከዚያ «አውርዱኝ» አሉ። ወረዱ፤ ዱላቸውን ተቀበሉ፤ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ጨፍነው ሄዱ። አስተባባሪዋ ክንዳቸውን ልትይዝ እጇን ዘረጋችና መልሳ ሰበሰበችው፤ የሚያዝ ሰው አይደሉም። ቦዩን ሳይደናቀፉ ተሻገሩት። ድንጋዩን ዞሩት። የምንጩን ድምፅ በቀኛቸው አድርገው ታጠፉ። ዱላቸው መሬቱን ነካ ነካ ሲያደርግ፣ እሳቸው ሲጠይቁ መሬቱ የሚመልስላቸው ይመስል ነበር። ሚኒባሷ በእግረኛ ልክ ትከተላለች፤ በየመስኮቱ አንገት ወጥቷል፤ «አሁንስ የት ደረሱ?» ይላል አስተማሪው። አሥራ አራት ዓመት በጨለማ የተጠና አገር ይህን ያህል እንደሚሰፋ ለአስተባባሪዋ ማን ነግሯት ያውቃል?

አንድ አረንጓዴ በር ጋ ቆሙ። መዳፋቸውን እንጨቱ ላይ አሳርፈው ዓይናቸውን ገለጡ። በሩም ተከፈተ፤ አንዲት ወጣት ሴት ብቅ አለች።

እማማ አዋላጅ ወደ ኋላ ሸሸት አሉ። «እህቴ!» እህታቸው ከሞተች ዓመታት አልፈዋል።

«እኔ ነኝ፣ አክስቴ፣ እኔ ነኝ።»

የስምንት ዓመት ልጅ ሳለች ነበር ለመጨረሻ ጊዜ በዓይናቸው ያዩዋት። መልሰው ጨፈኑና ፊቷን ዳሰሱ፤ «አዎ፣ አንቺ ነሽ» አሉ። ገለጡ፤ አዩ፤ እንደገና ጨፈኑ። የእጃቸውን ልጅና የዓይናቸውን ልጅ አንድ ማድረግ አቃታቸው። አስተባባሪዋ ጀርባዋን ሰጥታ ቆመች፤ እንዲህ ያለውን ነገር ቆሞ መመልከት ድፍረት መሰላት።

በሦስተኛው ቀን የቢሮው ስልክ ጮኸ። እማማ አዋላጅ ነበሩ።

«ሐሙስ ሐሙስ ገበያ የምሄድበትን የመኪና ቦታዬን ለሌላ ሰው ስጪው፤ እኔ በእግሬ እሄዳለሁ» አሉ።

«እሺ፣ እማማ።»

«ቆይ፣ አልጨረስኩም። ከማዶ ሸለቆ ውስጥ ዓይናቸው የጠፋ ሦስት ሰዎች አሉ። መዝገብሽ ላይ የሉም፤ መኪናም ስልክም ስለማይደርሳቸው የሉም ብላችሁ ነው። ትናንት በእግሬ ሄጄ አየኋቸው። እንደምን ያለ አገር ነው፣ ልጄ! ቁልቁል ሲያዩት ያስፈራል።»

«እዚያ እኮ መኪና አይገባም፣ እማማ» አለች አስተባባሪዋ፤ እጇ ግን አስቀድሞ አዲስ ገጽ ገልጧል።

«ማን ይግባ አለሽ? እስከ አስፋልቱ እኔ አመጣቸዋለሁ። አንቺ ቀኑንና ሰዓቱን ብቻ ንገሪኝ።»