አምስት ሰዓት በአውሮፕላን

ጓንታይ ከታክሲው ሲወርድ የአባቱ ሬሳ ሣጥን ተቸንክሮ አልቋል። ስምንት ተሸካሚዎች ትከሻቸውን ከመሸከሚያው እንጨት ሥር አስገብተው አጎንብሰዋል። ታናሽ ወንድሙ ሼንግሊ ነጭ የሐዘን ልብስ ለብሶ፣ ከሣጥኑ ፊት ተንበርክኮ፣ ለሟቹ ወረቀት ሲቃጠልበት የሰነበተውን የሸክላ ሳህን ከራሱ በላይ አንሥቷል።

ያንን ሳህን የሚሰብረው የበኩር ልጅ ነው፤ በአንድ ምት። ድምፁ እንደተሰማ ሣጥኑ ይነሣል፣ ከዚያ ወዲያ መቃብር ሳይደርስ መሬት አይነካም። ጓንታይ አባቱን በሕይወት አልደረሰላቸውም፤ ፊታቸውንም አላየም። የቀረችው ይህቺ ብቻ ነበረች፣ ይህቺንም ሊነጠቅ ነው።

"አስቀምጠው!" እያለ ሰዉን በክርኑ ገፍትሮ ገባ። "በኩሩ እኔ ነኝ!"

ሼንግሊ ቀና አለ። "ኧረ ጋሼ! ምነው፣ መንገዱ ጠፋብህ?"

"አንተ ልጅ፣ ስጠኝ ብዬሃለሁ!"

"ከምትኖርበት ኩንሚንግ እዚህ ሐርቢን ሦስት ሺህ ኪሎ ሜትር፣ በአውሮፕላን አምስት ሰዓት! ማን እንደነገረኝ ታውቃለህ? አባባ! ቲኬት ቆራጯን ጠይቆ በቃሉ ያዘው። በየዓመት መለወጫው ጠዋት ሰዓቱን አይቶ 'አሁን ቢነሣ ለራት ይደርሳል' ይል ነበር። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ወንበር አወጣልህ፣ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እኔ መለስኩት!"

ጓንታይ መጀመሪያ ገንዘብ አጠረው፣ ቀጥሎ ባዶ እጁን መምጣት አፈረ፣ በኋላማ መቅረቱን ለመደው። አባቱን በስልክ "ሩቅ ነው" ይላቸው ነበር። ዛሬ በአውሮፕላኑ ውስጥ ግን አንድ ጊዜ እንቅልፍ ሸለብ አድርጎት ሲነቃ ደርሶ ነበር። ያ አቃጠለው። የወንድሙን አፍ በቡጢ አለው።

ሼንግሊ ደምና ጥርስ ተፋ። ሳህኑን ሳይለቅ በጉልበቱ ሆዱን መታው። በረዶው ላይ ተያይዘው ወደቁ። ጓንታይ ከላይ ሆኖ ጉሮሮውን አነቀ፣ ጭንቅላቱን ከደረቀው መሬት ጋር ደጋግሞ አጋጨው። ሥርዓቱን የሚመሩት ሽማግሌ ቾንግ ያገኙትን ጀርባ በከዘራ እየወገሩ፣ "እናንተ አውሬዎች! አባታችሁ ይሰማል እኮ!" ይላሉ። ማን ይስማቸው።

ሼንግሊ እንደ ምንም እጁን አስለቀቀ። ሳህኑን ባለ በሌለ ኃይሉ በወንድሙ ግንባር ላይ አወረደው።

አመዱና ገሉ አንድ ላይ ተበተነ።

ተሸካሚዎቹ አጎንብሰው ስለነበር ያዩት ነገር የለም። የሰሙት ድምፁን ነው፤ ከልጅነታቸው ጀምሮ የሚያውቁትን ድምፅ። ስምንቱም እኩል ብድግ አሉ። መለከቱ ተነፋ፣ ሰዉ ተከተለ።

"አውርዱት!" ብሎ ጮኸ ጓንታይ። "እኔ አልሰበርኩም! አውርዱት!"

"አንዴ ተነሥቷል፣ ልጄ" አሉት ቾንግ። "ማን ያወርደዋል?" ከዘራቸውን ይዘው እሳቸውም ሄዱ።

ጓንታይ በጉልበቱ ቀረ። ደምና አመድ ዓይኑን ስለደፈነው የግቢው በር እንኳ አልታየውም። በእጁ መሬቱን እየዳበሰ፣ "ሼንግሊ፣ መቃብሩ ሩቅ ነው?" አለ።

ሼንግሊ የተሰነጠቀ ከንፈሩን በነጩ እጅጌው እየጠረገ ተነሣ። እጁን አልሰጠውም።

"ሃያ ደቂቃ ነው፣ በእግር" አለው። "አንተ ግን አትደርስም።" ሣጥኑን ተከትሎ ሮጠ።