በጋዜጣ የተለበዱ ሁለት መጻሕፍት

ጠረጴዛው ላይ የቀረው መጽሐፍ ሽፋኑ ላይ ትራክተር ነበረበት። ይህን ሳይ ልጄ ሙሉአለም ከቤት ከወጣች ቆይታለች።

ሁለቱንም መጻሕፍቴን በጋዜጣ የለበድኳቸው እኔው ነኝ። የትራክተር ፎቶ ያለበት፣ ጎንደር ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ የተሸለምኩት ልብ ወለድ ነው፤ በመንኮራኩር ሌላ ኮከብ ደርሶ ስለተመለሰ ሰው ያወራል። የሰልፍ ፎቶ ያለበት ደግሞ መንፈሳዊ ታሪክ ነው፤ አንድ መነኩሴ በእሳት ሰረገላ ወደ ሰማይ ይነጠቃል። ሙሉአለም በቀበሌው አዳራሽ ለወጣቶች ማኅበር እንድታነብ የታዘዘችው የፊተኛውን ነበር። ይዛ የሄደችው የኋለኛውን ነው።

ዘመኑ የደርግ ነው። በገንዳ ውሃ ከተማ ሙቀት ነጠላዬን እየጎተትኩ ስሮጥ የታየኝ፣ እሷ ከትምህርት ቤት ስትባረር፣ እኔ በጭነት መኪና ተጭኜ ወደ ጎንደር እስር ቤት ስወሰድ ነው።

አዳራሹ ጋ ደርሼ በመስኮቱ አዳመጥኩ።

«ተጓዡ ወደ መንኮራኩሩ ገባ» ትላለች። መጽሐፉ የሚለው «መነኩሴው ወደ ሰረገላው» ነው። ስትገልጠው ስህተቱ ገብቷታል። መላእክቱንም «የኮከቡ ሰዎች» አለቻቸው። ከዚያ ወዲያ የምትቀይረው አልነበራትም። ፀሐይ የሌለባት ብሩህ ከተማ፣ የማይራቡ ሰዎች። ሰውየው ሦስት ቀን ቆይቶ ሲመለስ በምድር ሦስት መቶ ዓመት አልፏል፤ የሚያውቀው የለም።

ቆሜ ቀረሁ። ጎንደር፣ ተከራይቼ በምኖርባት ክፍል፣ ልብ ወለዱን ሳነብ በኩራዝ ብርሃን ያለቀስኩበት ገጽ ይሄው ነበር። ሁለቱን ሃያ ዓመት ጎን ለጎን አስቀምጬ ታሪካቸው አንድ መሆኑን አንድ ቀን እንኳ አላስተዋልኩም።

«ነዳጁስ ከየት ይቀዳል?» አለ ለሰሊጥ አጨዳ ከጎጃም የመጣ አንድ ሠራተኛ።

«ዝም በል፣ ሳይንስ ነው!» አለው ደምለው፣ የማኅበሩ ሊቀመንበር።

«እዚህ እንኳ ናፍጣ ከጠፋ ሳምንቱ ነው እኮ!»

አዳራሹ በሳቅ አወካ። ንባቡ ሲያልቅ ግን ደምለው እጁን ዘረጋ። «ስጭኝ እስቲ፣ እኔም ላንብበው።»

የመጀመሪያው ገጽ «በስመ አብ» ብሎ ነው የሚጀምረው። ዘልዬ ገባሁ።

«ጓድ ደምለው፣ ጥራዙ ተፈቷል። ሰፍቼ ልላከው።»

«ማን እስከ ነገ ይጠብቃል፣ እትዬ አሰበች? አብሬያችሁ ልምጣ፣ አሁኑኑ ይስፉልኝ።»

መንገዱን ሁሉ ሙሉአለም መጽሐፉን ደረቷ ላይ እንዳጣበቀች ቤት ደረስን። እሱን ደጃፍ ላይ ትተን ገባን። የመነኩሴውን የማሽላ ጆንያ ውስጥ ቀበርኩትና ሌላውን አወጣሁ።

ደምለው አገላበጠው። «ትራክተር ነበረው እንዴ?»

መልሴን ሳይጠብቅ መሀሉን ገልጦ ጮክ ብሎ አነበበ፦ «ተመልሶ ሲመጣ የሚያውቀው አንድም ሰው አልነበረም…» ፈገግ አለ። «ይሄው ነው» ብሎ ብብቱ ውስጥ ሸጎጠው።

እስከ ዛሬ አልመለሰልኝም። ያ መጽሐፍ ይናፍቀኛል። ሲብስብኝ የመነኩሴውን እገልጥና ያኛውን አነብባለሁ።

«እማዬ፣ ያንቺን ለምን ሰጠሽው?» አለች ሙሉአለም ያን ዕለት፣ እሱ ዞር እንዳለ።

«ታሪኩ አንቺ ዘንድ አለ» አልኳት። የደምለው ኮቴ እስኪርቅ ጠበቅሁና የቆርቆሮውን በር ዘግቼ ቁልፉን ሁለት ጊዜ አዞርኩ።