በቅስቀሳው ላይ ያመለጠች አሚን

እንዴት ናችሁ፣ ወዳጆቼ? ቤተሰብ ደህና? እስቲ አረፍ በሉና የዑምኩልሱምን ነገር ልንገራችሁ።

ዑምኩልሱም የሐይቅ ሰው ናት። ባሏ ከሞተ ቆይቷል፤ ሴቶች ልጆቿ አግብተው ሄደዋል፤ ሙዓዝ የሚባል ወንድ ልጇ ደሴ ያስተምራል። የቀረቻት ሰው ጎረቤቷ መስኡዳ ናት። ሐሙስ ሐሙስ ሴቶቹ ለዱዓ የሚሰበሰቡበት ወዳጃ ላይም ጎን ለጎን ነው የሚቀመጡት። እዚያ፣ ዱዓ የምታደርገዋ ገና ሳትጨርስ ቀድማ «አሚን» የምትል ዑምኩልሱም ናት። ይስቁባታል። ግን የታመመ ልጅ ያላት ሁሉ «አሚን በይልኝ» ብላ የምትመጣው እሷው ጋ ነው።

በ2013 ምርጫ ሲደርስ፣ ሙዓዝ ለተቃዋሚ ፓርቲ፣ የመስኡዳ ልጅ ሀሚዱ ለገዢው ፓርቲ ሆነው ለክልሉ ምክር ቤት ተወዳደሩ። ሐይቁ ውስጥ አብረው ሲንቦጫረቁ ያደጉ ልጆች! እናቶቹ ሳቁ እንጂ አልተጣሉም። ሙዓዝ ሜዳው ላይ ቅስቀሳ ያለው ቀን ዑምኩልሱም ብቻዋን መሄድ አፈረችና መስኡዳን ጎተተቻት።

«ልጄ ሲሰደብ ቆሜ ላዳምጥ ነው?» አለች መስኡዳ።

«ስድብ አይደለም እኮ፤ ፖለቲካ ነው።»

«እሱማ የባሰ ነው!»

እየተሳሳቁ ሄዱ።

ሙዓዝ ማይኩን ያዘ። «ለውጥ መጣ ብለን አጨበጨብን። ምን አገኘን? ቧንቧው ውሃ ከረሳ ስንት ጊዜው! ዘይቱ የት ገባ? የድሃ ልጅ ጦር ሜዳ ሲሸኝ የባለሥልጣን ልጅ የት ነው ያለው?»

መስኡዳ እንኳ «የዘይቱስ እውነቱን ነው» ብላ ራሷን ነቀነቀች። ሰዉ ሲያጨበጭብለት ልጁን ሞቅ አለው። እጁን ወደ ሰማይ ዘርግቶ፣ «የሕዝብ አደራ የበላ ሁሉ፣ አላህ ከነዘሩ ይንቀለው!» አለ።

«አሚን!»

ዑምኩልሱም ናት። መዳፏን ዘርግታ፣ ድምጿ ከሁሉም በላይ። የተዘረጋ እጅ ስታይ ምላሷ አይጠብቃትም፤ የተባለውን እንኳ አላጣራችም። ዞር ስትል መስኡዳ ፊቷ አመድ መስሏል። ሻሿን አጥብቃ ሄደች።

የዚያ ሐሙስ ወዳጃው ዑምኩልሱም ቤት ነበር። ሌሎቹ መጡ፤ ከጎኗ ያለው ቦታ ባዶውን ዋለ። ሴቶቹ ሲበተኑ ዑምኩልሱም ወደ መስኡዳ ደጅ ሄደች።

«አፉ በይኝ፣ እህቴ። ከልቤ አልነበረም።»

«ሀሚዱ ምን በላ? ገና ወንበሩ ላይ እንኳ ያልተቀመጠ ልጅ!»

«ወላሂ አልሰማሁትም፤ ዱዓ መስሎኝ...»

«ዱዓ ነዋ! ያንቺ አሚን ደግሞ እንደማይመለስ ሠፈሩ ያውቃል።»

በሩን አልዘጋችባትም። ግቢም አላለቻት።

ዑምኩልሱም ለሙዓዝ ደወለች። «እማ፣ እኔ ሰው አልነካሁም፤ ፓርቲውን ነው የተናገርኩት» አላት።

«ፓርቲ እናት የለውም፣ ልጄ። ሀሚዱ ግን አለው።»

ሀሚዱ አሸነፈ። ዑምኩልሱም ደስ አላት፤ አላህ ያቺን ቃል አልተቀበላትም ማለት ነው ብላ። እልል ልትል እስከ አጥሩ ሄደችና፣ «የተሸናፊ እናት ልታሾፍ መጣች» እንዳይሏት ፈርታ ተመለሰች። ያን ቀን እልል ብትል ምን ነበረበት! ነገ እላለሁ፣ ከነገ ወዲያ እላለሁ እያለች ክረምቱ አለፈ።

በጥቅምት ጦርነቱ ወደ ሐይቅ ቀረበ። ሰው ፍራሹን ተሸክሞ በደሴ መንገድ ጎረፈ። ዑምኩልሱም ጉልበቷም አይችልም፣ ቤቷንም አትለቅም። ብቻ ያን ጊዜ ይሉኝታው ጠፋላትና ወደ መስኡዳ ሮጠች። በሩ ተቆልፏል። ባጃጅ የሚነዳ ጎረቤት ቆም ብሎ፣ «ማልዳ ወጥታለች፣ እማማ። ሀሚዱ የት እንዳለ አልታወቀም፤ እሱን ፍለጋ ነው» አላት።

በሩ ሥር ተቀመጠች። የዚያን ልጅ ስም እየጠራች ያላደረገችው ዱዓ የለም።

ጦርነቱ ከሐይቅ ወጣ፤ ሰዉም ተመለሰ። መስኡዳ አልተመለሰችም። አንዱ ኮምቦልቻ ናት ይላል፣ ሌላው አዲስ አበባ። ስለ ሀሚዱም የሚናገር የለም። ወዳጃው እንደገና ሲጀመር ሴቶቹ ጠጋ ጠጋ ብለው ይቀመጣሉ። ዑምኩልሱም ግን «እዚህ ሰው አለበት» ትላቸዋለች።

እንግዲህ እናንተ ብዙ አገር ትሄዳላችሁ። መስኡዳ የምትባል የሐይቅ ሴት ካገኛችሁ፣ ልጅሽ እንዴት ነው ብላ ዑምኩልሱም ትጠይቅሻለች በሉልኝ።