የአው ሙክታር ሻኛ

ናፊያ አው ሙክታርን ከልቧ ትንቃቸው ነበር። መድኃኒት አዋቂ ነኝ ባዩ ሽማግሌ ጁገል ግንብ ውስጥ ያለውን የእህቷን የዘቢባን ቤት ከረገጡ ወዲህ፣ የከሳችውን ሴት ጠዋት ማታ የቀለጠ የግመል ሻኛ ያጠጧታል። ዘቢባ ግን ይባስ መነመነች፤ ሰገራዋም ቅባት በቅባት ሆነ።

«ቅባት አንሷት ነው፤ ጨምሩላት» አሉ አው ሙክታር እየተጀነኑ።

«ያነሳትስ ቅባት አይደለም» አለች ላብራቶሪ የምትሠራው ናፊያ። «ትንሹ አንጀት ውስጥ ቅባትን የሚሰባብረው ላይፔዝ የሚባል ኢንዛይም ነው፤ የሚያመነጨውም ቆሽት ነው። ቅባቱ ካልተሰባበረ ሰውነቷ አይቀበለውም፤ እንዳለ ይወጣል።»

«አንቺ ትናንት የተወለድሽ!» ብለው ሳቁባት።

ናፊያ ግን እህቷን ሆስፒታል ወሰደቻት፤ ምርመራውም የቆሽቷን መድከም አሳየ። ሐኪሙ ከምግብ ጋር የሚዋጥ የኢንዛይም እንክብል አዘዘላት። በሦስተኛው ወር የዘቢባ ጉንጭ ሞላ።

አው ሙክታር ይህን ሰምተው ሰተት ብለው ገቡ።

«ማሻአላህ! ሻኛዬ ሠራ አይደል?»

ናፊያ አፏን ስትከፍት ዘቢባ ቀደመቻት።

«የእርስዎ ሻኛማ ሽንት ቤት ነው የወረደው፤ እዚያ ሄደው ይጠይቁት» አለች።

ሽማግሌው ጫማቸውን ፈልገው እስኪወጡ ድረስ ሁለቱም ዞረው አላዩዋቸውም።