የጆሮ ዳባ ክሮቸራ

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ፒክአፑ ወደ ጋራዣችን ሲገባ አባዬ ወንበሩ ላይ ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ ተቀምጦ ነበር። ዞር እንኳን ሳይል፣ "የኋላው ክሮቸራ አልቋል" አለ።

ከመኪናው የወረደው ጆሮ ዳባ ነው። አባዬ ሾፌር በነበረበት መሥሪያ ቤት የስምሪት ኃላፊ ነበር፤ ስሙን ያወጡለት ሾፌሮቹ ናቸው። አባዬ "ከሥር ይንኳኳል፣ ክሮቸራው ይታይልኝ" እያለ ሲለምነው፣ "ጆሮህን ታከም!" ብሎ አሰማራው። አንድ ቁልቁለት ላይ፣ ለኋላ ጎማዎች ኃይል የሚያደርሰውን ዘንግ የሚያጋጥመው ክሮቸራ ተሰብሮ ዘንጉ መሬት ወጋ፤ መኪናው ተገለበጠ፤ የአባዬ እግርም ከዚያ ወዲህ አልቀናም። ሲጠየቅ ጆሮ ዳባ፣ "ኧረ ምንም አልነገረኝም" ብሎ ዓይኑን በጨው አጠበ። አባዬን በቸልተኝነት አባረሩት። እግሩን ችሎታል፤ ውሸታም መባሉን ግን እስከ ዛሬ አልቻለውም። እኔም አንድ ቀን ይህን ሰውዬ እግሩ ጎትቶ ያመጣልኛል እያልኩ ነው ያደግኩት።

አላወቀኝም። "ልጄ፣ ማርሽ ሳስገባ ቋ ይላል። ምን ይሆን?"

"እስቲ ያሳዩኝ።"

የኋላ ማርሽ ሲያስገባ ቋ! አለ። ቀስ ብሎ ሲነዳው ደግሞ ከሥር እንደ ጫጩት ይጮኻል።

"ምንም አይሰማኝም" አልኩት።

"እንዴት አይሰማህም? ጎረቤት ሁሉ እየሰማ!"

"ጋሼ፣ ጆሮዎን ይታከሙ።"

ፈገግ ሊል ነበር። ከዚያ ወንበሩ ላይ የተቀመጠውን ሰው አየ፤ ወንበሩን የተደገፈውን ከዘራ አየ፤ ፊቱ አመድ መሰለ።

እውነቱን ልናገር፣ "ደህና ነው፣ ይንዱት" ልለው ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ቁልቁለቱ ይፍረደው! ግን ቁልቁለቱ ላይ ሌላም ሰው አለ። ደግሞ የሞተ ሰው ጥፋቱን አያምንም፤ እኔ የምፈልገው ሲያምን መስማት ነው።

ጎማዎቹን በድንጋይ አስደግፌ ከሥር ገባሁ። ዘንጉን በእጄ ጠምዘዝ ሳደርገው ክሮቸራው እንደ ወላለቀ ጥርስ ተነቃነቀ፤ ዙሪያውን ቀይ የዝገት ዱቄት ለብሷል። ሲመለስ እንዳይዛባ መጋጠሚያው ላይ በቀለም ምልክት አደረግኩ፤ ብሎኖቹን ፈትቼ አወረድኩት። በሞርሳ ጠፍሬ፣ መያዣ ቀለበቶቹን አውጥቼ በመዶሻ መታሁት። ቆቡ ሲወልቅ ውስጡ ግራሶ የሚባል ነገር የለም፤ መርፌ መሳዮቹ ብረቶች ደቅቀው ዱቄት ሆነዋል። ዱቄቱን ጆሮ ዳባ መዳፍ ላይ ገለበጥኩት።

"አባዬ ያኔ የሰማው ይኼንን ነው። አዲሱን እገጥምልዎታለሁ፤ መጀመሪያ ግን ነግሮዎት እንደነበር ይናገሩ። እዚሁ፣ ሰው ፊት።"

ተራ የሚጠብቁት ደንበኞች ወሬያቸውን አቆሙ።

"ነግሮኝ ነበር" አለ በለሆሳስ።

"ጮክ ይበሉ እንጂ! ጆሮው ታሟል ያሉት እርስዎ አይደሉም?"

"ነግሮኝ ነበር! እኔ ነኝ የዋሸሁት!"

አንጀቴ ራሰ። አባዬ ግን ከዘራውን ወደ ራሱ ሳበ። ከዚያ፣ "ሥራለት" አለኝ።

ደሜ ፈላ። "እንዲህ በቀላሉ?"

"ሥራለት አልኩህ። ግን ነገ። ዛሬ በእግሩ ይሂድ።"

ጆሮ ዳባ መዳፉን ሱሪው ላይ ጠርጎ ዳገቱን ተያያዘው። በር ላይ ቆሜ እስኪበቃኝ አየሁት። አባዬ አልዞረም።

"ያነክሳል?" ብሎ ጠየቀኝ።

"ኧረ አያነክስም። ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው።"

"እንግዲያው ቀስ ብለህ ሥራው" አለኝ።